ክርክር፦ አይፎኑ ሲጠገን ማኩ አራት ቀን መጠበቅ ነበረበት?

ኮደሯ፦ ዛሬ ለተለማማጆች የድሮ ስህተት ላሳይ ብዬ የአፕልን የ2014ቱን «ጎቱ ፌይል» ባነሳ ቢሮው ለሁለት ተከፈለ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ለማታውቁት፦ ስልካችሁ ባንክ ጋ ሲገባ ሰርቨሩ ሰርተፍኬቱን ያሳያል። ሰርተፍኬት ግን የአደባባይ ወረቀት ነው፣ ሌባም ይዞት ሊቀርብ ይችላል። ሰርቨሩ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በሚስጥር ቁልፉ ሲፈርም ነው። አይፎኑ ያንን ፊርማ ሳያይ ያሳልፍ ነበር። ኮዱ ውስጥ «ጎቱ ፌይል» (ወደ መጨረሻው ዝለል) የምትል መስመር ሁለቴ ተደርባለች። የመጀመሪያዋ የ«ኢፍ» ናት፣ ማለትም ስህተት ሲገኝ ብቻ የምትሠራ፤ ሁለተኛዋ የማንም አይደለችም፣ ዝም ብላ ወደ መጨረሻው ትዘላለች። እዚያ ሲደረስ የስህተቱ ቁጥር ገና ዜሮ ስለሆነ «ሁሉም ደህና» ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱም መስመሮች እኩል ገባ ብለው ስለተጻፉ ዓይን አይይዛቸውም።

የአይፎኑ መጠገኛ፣ 7.0.6፣ ፌብሩዋሪ 21 ወጣ። ያው ስህተት የነበረበት የማክ ኮምፒውተሩ፣ 10.9.2፣ በ25። እኔ የምለው፦ ሁለቱም በአንድ ቀን መውጣት ነበረባቸው።

ኔትወርክ ሰው፦ አልስማማም። ካፌ ለካፌ የሚዞረው ስልክ ነው። ጠላፊው የሚፈልገው ካንቺ ጋር አንድ ዋይፋይ ላይ መቀመጥ ብቻ ነው። ማኩ እስኪደርስ የስልኩ መድኃኒት መሳቢያ ውስጥ ይቆይ? ቀዳዳው እኮ ከአይፎኑ ሲስተም ከአይኦኤስ 6፣ ከሴፕቴምበር 2012 ጀምሮ ነበረ። 17 ወር!

ኮደሯ፦ መድኃኒቱ ራሱ በሽታውን ይናገራላ! አፕል ያንን ኮድ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። የጉግሉ አዳም ላንግሊ በማግስቱ መስመሯን ነቅሶ ጻፈባት። እሱ ለበጎ ነው ያደረገው። እሱ ያየውን ግን ክፉ ሰውም ያያል፤ የማኩ ሳፋሪና ኢሜይል ደግሞ እስከ 25 ክፍት ናቸው። ክሮምና ፋየርፎክስ የራሳቸውን ማረጋገጫ ስለሚጠቀሙ ተረፉ። ይህን ስንት ተራ ሰው ያውቃል?

የቪርጂኒያው፦ ቆይ፣ ስህተት መሆኑንስ ማን አረጋገጠ? ስኖውደን ያወጣው የአሜሪካ ስለላ ሰነድ አፕል ፕሪዝም የሚባለው የስለላ ፕሮግራም ውስጥ የገባው ኦክቶበር 2012 ነው ይላል። አይኦኤስ 6 ከወጣ በወሩ ማለት ነው።

ኮደሯ፦ ወንድሜ፣ ቀን መቀራረቡ ማስረጃ አይሆንም። የሁለት ሰው ሥራ ሲዋሃድ መስመር ሲደረብ በገዛ እጄ አይቻለሁ። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው፤ የውሸት ፊርማ ሰጥቶ «ትቀበላለህ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሙከራ ቢኖር በዚያው ቀን ትያዝ ነበር።

ጠጋኙ፦ አራቱን ቀን ተዉትና አሮጌ ስልክ የያዘውን አስቡ። ለአይኦኤስ 6 የወጣው 6.1.6 ለአይፎን 3ጂኤስና ለአራተኛው አይፖድ ተች ነው። አይፎን 4 ያለው ሰው 7ን ይጫን፣ አለዚያ ከነቀዳዳው ይቀመጥ ተባለ። 7 ሲጫንበት ደግሞ ይንቀራፈፋል። እኔ ጋ የሚመጣ ደንበኛ የመጀመሪያ ቃሉ «አደራ፣ አፕዴት እንዳታደርግብኝ» ነው። ዳታውም ብር ነው። ታዲያ ይኼ ሰው ጥፋቱ ምንድን ነው?

ኔትወርክ ሰው፦ እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። የደህንነት መጠገኛና አዲስ መልክ በአንድ ጥቅል መሸጥ የለባቸውም። 6.1.6 ተሠርቶ አልቋል፣ ለአይፎን 4 መከልከሉ ልክ አልነበረም።

ኮደሯ፣ አንቺን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቀዳዳውን አንድ ሰው ቀድሞ እየተጠቀመበት ቢሆንስ? ያኔም ማኩን ትጠብቂያለሽ?

ኮደሯ፦ አልጠብቅም። እየተጠቀሙበት መሆኑ ከታወቀ የስልኩን በዚያው ሰዓት እለቅ ነበር፤ ለማክ ተጠቃሚም «እስከዚያ ሳፋሪን ተዉት፣ የማታውቁት ዋይፋይ ላይ አትግቡ» ብዬ በግልጽ እጽፍ ነበር። የአይፎኑ ማስታወሻ ግን ስለዚያ አንድ ቃል የለውም። ጎደለ የተባለ የማረጋገጫ እርምጃ ተመልሷል ይላል፣ በቃ። ማክ የሚባል ነገር አልተነሳም። በማግስቱ ሰው ሲጮህ ነው በቅርቡ ይደርሳል የተባለው። እኔ ከአራቱ ቀን ይልቅ ይህ ዝምታ ነው የሚያመኝ።

ኔትወርክ ሰው፦ ማስጠንቀቂያው ላይ ተስማምተናል። ቀኑ ላይ ግን አቋሜን አልቀየርኩም።

ጠጋኙ፦ ስታወሩ መሳቢያዬን ከፈትኩ። አንድ አይፎን 4 አለ። ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት፦ 6.1.3።

ኮደሯ፦ እንዳትሸጠው! እስከ 7.1.2 ይቀበላል፣ እሱን ጫንበት።

ጠጋኙ፦ ለልጅ መጫወቻ ነው የጠየቁኝ። ግን እሺ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቼዋለሁ።