ክርክር፦ በወሎ የትራኮማ መድኃኒት እደላን የሳተላይትና የሕዝብ ቁጥር ዳታ ይምራው?

መነሻ፦ ተላላፊው የዓይን በሽታ ትራኮማ ያለበት ወረዳ የሚለየው ባለሙያ ቤት ለቤት ዞሮ፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናትን የዓይን ቆብ ገልብጦ በማየት ነው። በዚህ ቅኝት ንቁ ትራኮማ ከሕፃናቱ 5 በመቶና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ከተገኘ አዚትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት በጅምላ ይታደላል፤ ከ5 በታች ሲወርድ ይቆማል። አሁን ዝናብን፣ ሙቀትን፣ ከፍታንና የሕዝብ ቁጥርን አጋምዶ በሞዴል መተንበይ ስለሚቻል ውሳኔው በዚያ ይሁን የሚሉ አሉ። ተከራከሩበት።

ዳታ ተንታኝ፣ ደሴ፦
እደግፋለሁ። ቅኝት ከ20 እስከ 30 መንደር መርጦ ለወረዳው ሁሉ አንድ አማካይ ይሰጠናል። ወረባቦን እዩ፤ ደጋ ላይ ይጀምርና በአፋር በኩል ቆላ ይወርዳል። ለሁለቱም አንድ ቁጥር መስጠት በሽታው የበረታበትን ቀበሌ ይደብቃል። ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ ዳታ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ5 ኪሎ ሜትር ግድም ካሬ፣ ሞዲስ የሚባለው የሳተላይት መሣሪያ የመሬት ገጽ ሙቀትን በ1 ኪሎ ሜትር፣ ወርልድፖፕ የሕዝብ ግምትን በ100 ሜትር ይሰጣሉ። ሁሉም በነፃ ናቸው።

የዓይን ነርስ፣ ሐይቅ፦
ወንድሜ፣ ሳተላይት የሕፃን ፊት አያይም። በሽታውን ከዓይን ዓይን የምታደርሰው ዝንብ፣ ሙስካ ሶርቤንስ፣ በዋናነት የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ሁለት ጎጥ አንድ ዝናብ እያገኙ፣ አንዱ ሽንት ቤት ሲጠቀም ሌላው ሜዳ ሊወጣ ይችላል፤ ባለ 5 ኪሎ ሜትሩ ካሬ ይህን አይለይም። ደግሞ ዋግ ኽምራ ላይ የተደረገውን ሙከራ አስቡ። የውኃ ቦታ ተሠራ፣ ፊት መታጠብ ተሰበከ፣ 3 ዓመት ተጠበቀ፤ የሕፃናቱ የዓይን ኢንፌክሽን ግን ምንም ካልተደረገላቸው መንደሮች ያነሰ አልሆነም። ውኃው ደጃፍ ቀርቦ ያልታየ ልዩነት ከዝናብ መጠን ይነበባል?

ዳታ ተንታኝ፣ ደሴ፦
እህቴ፣ ሙከራው የጠየቀው «ውኃ ብናቀርብ ይቀንሳል ወይ» ብሎ ነው። ለትንበያ ግን ዝናቡ መንስኤ መሆን የለበትም፤ ከበሽታው ጋር አብሮ መውጣት መውረዱ ይበቃል።

የስታቲስቲክስ መምህር፣ ኮምቦልቻ፦
የሚበቃው ነገ እንደ ትናንት ከሆነ ነው። በክልላችን እደላው ዓመታት አስቆጥሯል። ዛሬ የሚለካው ቁጥር አየሩን ብቻ ሳይሆን የተዋጠውን መድኃኒትም ያሳያል። ስንት ዙር እንደታደለና ሽፋኑ ስንት በመቶ እንደነበር በየወረዳው ካልገባ፣ ሞዴሉ የመድኃኒቱን ውጤት ለአየሩ ይሰጠዋል።

ሙቀቱም ችግር አለበት። ሞዲስ በደመና ውስጥ የመሬትን ሙቀት አይለካም። በክረምት ደጋችን ላይ የሚቀረው የጠራው ቀን ንባብ ብቻ ስለሆነ አማካዩ ይዛባል። ዝናቡንም በዓመት ደምራችሁ አታስገቡት፤ ወሎ በልግና ክረምት አለው፣ በልግ የከዳበት ዓመት ክረምቱ ጥሩ ከሆነ በድምሩ ደህና መስሎ ያልፋል።

ከሁሉ የሚብሰው ፍተሻው ነው። መንደሮችን በዕጣ ከፍሎ ግማሹን ለማስተማሪያ፣ ግማሹን ለመፈተኛ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጎረቤት መንደሮች ስለሚመሳሰሉ ሞዴሉ መልሱን አስቀድሞ አይቶታል። ሙሉ ወረዳ ከማስተማሪያው አውጥታችሁ በዚያ ፈትኑት። ያን ጊዜ ስህተቱ 3 የመቶኛ ነጥብ ከሆነ፣ «4 በመቶ» የሚል ትንበያ ከ5 በላይ ይሁን በታች አይነግረንም።

የመድኃኒት አቅርቦት ባለሙያ፣ ወልድያ፦
መድኃኒቱን ፋይዘር በእርዳታ የሚሰጠው በዓለም አቀፉ የትራኮማ ኢኒሼቲቭ በኩል ነው፤ ጥያቄው የሚቀርበውም በቅኝት ውጤት ነው። ስለዚህ ሞዴል ብቻውን ካርቶን አያስወጣም። የሕዝብ ቁጥሩ ግን በጣም ያስፈልገናል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው፣ ወርልድፖፕም የሚነሳው ከቆጠራ ነው። በመሃሉ ወረዳዎች ተከፋፍለዋል፣ በጦርነቱ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ግምቱ ካነሰ ክኒኑ ከመንገድ ርቀው ያሉት ጎጦች ሳይደርስ ያልቃል፤ ከበዛ ደግሞ የታቀደው 80 በመቶ ሽፋን ሳይሞላ የቀረ ይመስላል። ከሳተላይት ምስል ጣሪያ ቆጥሮ ከጤና ኤክስቴንሽን የቤተሰብ መዝገብ ጋር ማስተያየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን ቅባትም (በቀን 2 ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት) የሚታዘዘው በዚሁ ቁጥር ነው።

የዓይን ነርስ፣ ሐይቅ፦
በዚህ እስማማለሁ። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የታጠፈባቸውን ለመፈለግም የዕድሜና የፆታ መረጃ ይረዳል፤ በብዛት የሚጎዱት በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው። ግን ሽፋሽፍቱን የሚያጥፈው የዓይን ቆብ ጠባሳ የአሥርተ ዓመታት ኢንፌክሽን ውጤት ስለሆነ ከአምና ዝናብ ጋር አታገናኙብን። የጤና ጣቢያ ሪፖርትም ብቻውን አይበቃም፤ የሚቆጥረው የመጣውን ሰው ነው። አስፋልት ዳር ያለው ጣቢያ በሽታ የበዛበት መስሎ ይታያል፣ ከወግዲ ገጠር መምጣት ያቃታት እናት ግን የለችበትም።

ዳታ ተንታኝ፣ ደሴ፦
ይሁን፣ እደላውን አይወስን። ግን ወረዳው ከ5 በታች ወጥቶ እደላ ቆሞ፣ ሞዴሉ ቆላ ቀበሌዎቹን ቀይ (በሽታው የበረታባቸው) ቢያደርግ ዝም እንበል?

የስታቲስቲክስ መምህር፣ ኮምቦልቻ፦
ዝም አንልም። እደላ ከቆመ ቢያንስ 2 ዓመት ቆይቶ የክትትል ቅኝት ይደረጋል። በዕጣ ከሚወጡት መንደሮች በተጨማሪ ከቀዮቹ ቀበሌዎች ጥቂት ይጨመሩ። ውጤታቸው ግን ለብቻው ይጻፍ። ሆን ተብለው የተመረጡ መንደሮች ከወረዳው አማካይ ጋር ከተደባለቁ አማካዩን ከፍ ያደርጉታል፣ ከዚያ በኋላ ወረዳው ከ5 በታች ይሁን በላይ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም።