ከእግዚአብሔር ጋር «የግል ግንኙነት»፦ አማርኛ ቀድሞ ምን ይለው ነበር?

ጠያቂ፣ ከፒያሳ፦

ሰላም ለዚህ ቤት አባላት ይሁን። ሰሞኑን በአንድ መንፈሳዊ ጉባኤ ላይ መምህሩ «በጸሎትና በተመስጦ ከእግዚአብሔር ጋር የግል ግንኙነት መመሥረት» የሚለውን ሐረግ ደጋግመው ሲናገሩ ሰማሁና፣ ሐሳቡ ቢገባኝም ቃሉ ጆሮዬን ቆረቆረው። «ግንኙነት» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለኝ በመሥሪያ ቤታችን አንድ በር ላይ የተለጠፈው «የሕዝብ ግንኙነት» የሚል ጽሑፍ ነው። አማርኛ ለዚህ ነገር የራሱ ቃል የለውም ወይ? «ተመስጦ»ስ በትክክል ምን ማለት ነው?

መልስ፣ ከአራት ኪሎ፦

እኅቴ፣ ጥያቄዎ ግሩም ነው። እኔ እስከማስበው ድረስ አማርኛ ይህን ቅርበት ለይቶ የሚጠራበት አንድ የታወቀ ስም የለውም፤ ቅርበቱን የሚያኖረው በግሱና በአጠራሩ ውስጥ ነው።

ከግሱ ልጀምር። በድሮው ሥርዓት ባለጉዳይ የሆነ ሰው ከጌታው ወይም ከንጉሡ በር ላይ ቀን ከቀን እየተመላለሰ፣ ታይቶ ስሙ እስኪጠራ ድረስ መጠበቁን «ደጅ መጥናት» ይሉታል። ይኸው ቃል ሳይለወጥ ወደ ጸሎት ገባ፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን የምታዘወትር ሴት «የጊዮርጊስን ደጅ እጠናለሁ» ስትል ችሎት ወይም ሹመት ትዝ አይላትም። ቃሉ ግን የሚያሳየን ከውጭ የቆመ ሰው ነው፤ በሩ የሌላ ነው፣ የሚከፈትበትንም ሰዓት የሚያውቀው የቤቱ ባለቤት ነው።

አሁን ደግሞ በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይመልከቱ። ማቴዎስ 6፥6 «አንተ ግን ስትጸልይ፥ ወደ እልፍኝህ ግባ፥ መዝጊያህንም ዘግተህ…» ይላል። እልፍኝ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ቤት ቃል ነው፤ አዳራሹ ግብር የሚበላበት፣ ብዙ ሰው የሚገባበት ሲሆን፣ እልፍኙ ጌታው ከቅርብ ሰዎቹ ጋር የሚቀመጥበት ክፍል ነው፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ የሚቆጣጠርም «እልፍኝ አስከልካይ» የሚባል ባለሟል ነበረ። በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተውን አንድነት ፓርክ ገብቶ የምኒልክን ግቢ ያየ ሰው የእልፍኝንና የአዳራሽን ልዩነት በዓይኑ ይረዳል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን «እልፍኝህ» በሚለው ቃል መጨረሻ ያለችው፣ «ያንተ» የምትል የባለቤትነት ምዕላድ «ህ» ናት። ደጅ ሲጠና የኖረው ባለጉዳይ በዚህች አንዲት ቃል የእልፍኝ ባለቤት ሆነ፤ መዝጊያውን የሚዘጋውም እርሱ ራሱ ነው፣ አስከልካይ አያስፈልገውም። ንስሓ የምንገባ፣ ሱባኤ የምንገባ፣ ገዳም የምንገባ ሕዝብ መሆናችንንም ልብ ይበሉ፤ «ገባ» የሚለው ግስ በዚህ መስክ ሁሉ አለ።

ሁለተኛው አጠራሩ ነው። አባታችንን፣ መምህራችንን፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጡትን ሽማግሌ ሳይቀር «እርስዎ» የምንል ሰዎች ፈጣሪን «አንተ» እንላለን፤ «ስምህ ይቀደስ» እንጂ «ስምዎ ይቀደስ» ያለ ሰው አልሰማሁም። መነሻው ግዕዝ ነው፤ ግዕዝ ለነጠላ ሰው የአክብሮት ተውላጠ ስም ስለሌለው «ስምከ» የሚለው «ስምህ» ተብሎ ተተረጐመ። ይሁን እንጂ ትርጉም ብቻ ቢሆን ኖሮ ከጸሎት መጽሐፉ ውጭ፣ ሰው በራሱ ቃል ሲያጉተመትም «እርስዎ» ሾልኮ ይመጣ ነበር። አልመጣም። እንዲያውም «እግዚአብሔር» የሚለውን፣ የብሔር ጌታ ማለት የሆነውን ከባድ ስም አሳጥረን «እግዜር» አደረግነው፤ ቅዱሳኑንም «ጊዮርጊስዬ»፣ «ኪዳነ ምሕረትዬ»፣ «አቡዬ» እያልን ለልጅ በምንጨምራት «ዬ» እንጠራቸዋለን።

አስተያየት፣ ከካዛንቺስ፦

የአራት ኪሎው ወንድማችን ትንታኔ ደስ ቢለኝም «ግንኙነት» የሚለው ቃል ያለ አግባብ የተነቀፈ መሰለኝ። ሥሩ «አገኘ» ነው፤ «ተገናኘ» ሲሆን ሁለት ወገኖች እርስ በርስ መፈላለጋቸውንና መገኘታቸውን ያመለክታል። ደጅ የሚጠናው አንዱ ብቻ ነው፣ የሚገናኙት ግን ሁለት ናቸው። እኛ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት «የጥሞና ጊዜ» የምንለው፣ ሰው ማለዳ ለብቻው ቃሉን እያነበበ የሚጸልይበት ሰዓትም ይህን መገናኘት የሚጠብቅ ነው። «ጾም» በአፍ «ጦም»፣ «ጸሎት» «ጠሎት» እንደሚባለው ሁሉ፣ «ጥሞና»ም ሌሎች «ጽሞና» ከሚሉት ጋር አንድ ነው።

አስተያየት፣ ከመርካቶ፦

በእኛም ዘንድ እንደዚሁ መሆኑን ላክል። አንዋር መስጊድ ሰግደን ስናበቃ፣ ከሶላቱ በኋላ በአማርኛ ዱዓ የሚያደርግ ሰው አላህን «አንተ» ይላል እንጂ «እርስዎ» አይልም፤ ይህም ነገሩ ከግዕዝ ብቻ የመጣ አለመሆኑን ያሳያል፣ ዐረብኛውም እንዲሁ ነውና። በነገራችን ላይ «መስጊድ» እና «ሰገደ»፣ «ሶላት» እና «ጸሎት» በሴማውያን ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ ጎረቤቶች ብቻ አይደለንም ማለት ነው።

መልስ፣ ከአራት ኪሎ፦

ስለ «ተገናኘ» የተባለውን እቀበላለሁ፤ ለሥሩ ትኩረት አልሰጠሁም ነበር። የዐረብኛው ማስረጃም ነገሬን ከጠበቅሁት በላይ አሰፋልኝ።

ወደ «ተመስጦ» ልመለስ። ዛሬ በከተማችን «ተመስጦ» ሲባል ዓይንን ጨፍኖ በጸጥታ መቀመጥ ሆኗል፤ ሰው ወስኖ፣ ሰዓት ሞልቶ የሚያደርገው ነገር መሰለ። በግዕዝ ግን «መሠጠ» ማለት ነጠቀ፣ ቀምቶ ወሰደ ማለት ነው፤ «ተመሠጠ» የተነጠቀው ነው። ስለዚህ ተመስጦ በሰው ላይ የሚደርስ ነገር እንጂ በራሱ የሚያደርገው ተግባር አልነበረም። ለተግባሩ ዝም ማለት ሲሆን «አርምሞ»፣ ማውጣትና ማውረድ ሲሆን «ማሰላሰል» የሚሉ ቃላት አሉን፤ እነዚህ እያሉ «ተመስጦ»ን ማብዛት ቃሉን ያረክሰዋል የሚል አቋም አለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። መዝሙር 1፥2 በአማርኛ ሕጉን በቀንና በሌሊት «ያስባል» ሲል፣ ግዕዙ «ያነብብ» ይላል። ግዕዙ «ነበበ» ተናገረ ማለት ስለሆነ፣ «አንበበ» ድምፅ ያለው ንባብ ነው፤ ዕብራይስጡም በዚያ ቦታ ማጉረምረምን የሚያመለክት ግስ አለው። የቀደመው ሰው ያሰላስል የነበረው በከንፈሩ ነው እላለሁ፤ «ዳዊት አነበብሁ» ሳይሆን «ዳዊት ደገምሁ» የሚባለውም ስለዚህ ይመስለኛል። ያው ግስ በክፉ ጎኑ «ድግምት»ን መውለዱ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው።

ጠያቂ፣ ከፒያሳ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። «አንተ» ስለተባለው አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ዛሬ ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ በጊዮርጊስ ግቢ አቋርጬ ነበር። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ግንባራቸውን ከበሩ መቃን ላይ አስደግፈው በሹክሹክታ ሲናገሩ ሰማሁ፤ ነገሩ ዳዊትም ውዳሴም አልነበረም። የቤት ኪራይ ስለ ጨመረባቸው፣ ልጃቸው ስልክ ስለማትደውል፣ ጉልበታቸው ስለሚቆረጥማቸው በተራ በተራ አወሩ። ከዚያም መቃኑን ሳሙት፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ሊሄዱም ዞር እንዳሉ ድንገት ተመልሰው «እንግዲህ ነግሬሃለሁ» አሉ።