በፖሊመር ክሌይ የጥለት ንድፍ ለመሥራት የትኛውን ክህሎት ላስቀድም?

ጥለት ወዳጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከስምንት ወር ወዲህ በፖሊመር ክሌይ፣ ማለትም በምድጃ ተጋግሮ በሚጠነክር ፕላስቲክ አዘል ጭቃ፣ ጉትቻና ዶቃ እየሠራሁ ለወዳጅ ዘመድ እሰጣለሁ። እስካሁን የማውቀው ክሌዩን ዳምጦ በቅርጽ ማውጫ መቁረጥንና መጋገርን ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ለመማር የምሻው የሀበሻ ቀሚስ ጥለትን ከላይ በቀለም ከመሳል ይልቅ በክሌዩ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ንድፍ አድርጎ መሥራትን ነው፤ ይኸውም ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን ቁርጥራጮች ደርድሮ አንድ ዘንግ ማበጀት፣ ዘንጉንም አቅጥኖ እንደ ዳቦ ሲቆርጡት እያንዳንዱ ቁራጭ ያንኑ ጥለት እንዲያሳይ ማድረግ ነው። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ በመካከሉ ያለው መስቀል ተጣመመ፣ በጠርዙ የደረደርኳቸው ሦስት ማዕዘኖችም በነጩ ተዋጡ። ከዚህ ሌላ ቀለምን ከቀለም ቀስ በቀስ ማዋሐድንና አምበር (ከጥንት የዛፍ ሙጫ የተገኘ ቢጫማ ጌጥ) የሚመስል ዶቃ መሥራትን እፈልጋለሁ። የትኛውን ባስቀድም ይሻላል? ባለፈው ወር የሰጠኋቸው ሁለት ጉትቻዎች ተሰብረው እንደተመለሱልኝም ልጨምር፤ የጋገርኳቸው ምድጃውን 110 ዲግሪ ላይ አድርጌ ለ15 ደቂቃ ነበር።

እጀ ወርቅ፦
የመረጡት ሥራ የቬኒስ ብርጭቆ ሠሪዎች ሚሌፊዮሪ ከሚሉት ብልሃት የተወሰደ ነው፤ የእኛ ጥለት ደግሞ በቀጥተኛ መስመርና በማዕዘን የሚበጅ ስለሆነ ለዘንግ እጅግ ይስማማል። የመጣመሙ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የልስላሴ ልዩነት ነው። ዘንጉ ሲጨመቅ ለስላሳው ቀለም ቀድሞ ይሸሻል፣ ጠንካራው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ነጩ ሦስት ማዕዘኖቹን የዋጣቸው ከእነርሱ ይልቅ ለስላሳ ስለነበረ ይመስለኛል። ስለዚህ ከመደርደርዎ በፊት ሁሉንም ቀለሞች በሚገባ አሽተው፣ በጣትዎ ጫን እያሉ ያወዳድሯቸው። ከሌሎቹ የለሰለሰውን በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል ለጥቂት ሰዓታት ቢያስቀምጡት ወረቀቱ ትርፉን ማለስለሻ ይመጥለታል።

ጥለቱ ግራና ቀኙ፣ ላይና ታቹ የሚመሳሰል ከሆነ ሙሉውን መደርደር አያስፈልግም። ሩቡን ብቻ በትልቁ ይሥሩ፤ አቅጥነው አራት ቦታ ከቆረጡት በኋላ ሁለቱን ቁራጮች ጫፋቸውን አገላብጠው ቢያጋጥሟቸው የቀሩት ሁለቱ የመስታወት ምስል ይሆናሉ፣ መስቀሉም ራሱን በራሱ ይገጥማል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በዘንግ ሥራ የማገኘው ደስታ እጥፍ ሆኗል።

ሲያቀጥኑት ከመካከሉ ጀምረው፣ አራቱንም ጎኖች በየተራ እየጨመቁ ወደ ጫፎቹ ይሂዱ እንጂ ከአንድ ጫፍ አይጎትቱት። ጎኑ 6 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሴንቲሜትር የሆነ ዘንግ ጎኑ 3 ሴንቲሜትር እስኪሆን ቢቀጥን ርዝመቱ 16 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ስለዚህ ወፍራምና አጭር አድርጎ መጀመር ነው የሚበጀው። ሁለቱ ጫፎች ሁልጊዜም ስለሚበላሹ ቆርጠው ለሌላ ሥራ ያስቀምጧቸው። ከመቁረጥዎ በፊት ዘንጉን ለጥቂት ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩት፤ በአንድ ወገን ተጨፍልቆ እንዳይቀርም ምላጩ ባለፈ ቁጥር ሩብ ዙር ያዙሩት።

ምድጃ ዳር፦
የእጀ ወርቅን ምክር ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው መጋገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያማረ ጥለት ያለው ጉትቻ በሳምንቱ ቢሰበር ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ፖሊመር ክሌይ እንደ ሸክላ አፈር ውኃው ተንኖ የሚደርቅ ነገር አይደለም። በውስጡ ያሉት ፒ ቪ ሲ የተባለው ፕላስቲክ ቅንጣቶች ተገቢውን ሙቀት ሲያገኙ ከማለስለሻው ጋር ተዋሕደው አንድ አካል ይሆናሉ። ሙቀቱ ወይም ጊዜው ካነሰ ከላይ ጠንካራ መስሎ ውስጡ ተሰባሪ ሆኖ ይቀራል፤ የእርስዎም ጉትቻዎች የገጠማቸው ይኸው ይመስለኛል። ፊሞ የተባለው የክሌይ ምርት በ110 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይጋገራል፤ ፕሪሞ የተባለው ግን 135 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ለእያንዳንዱ 6 ሚሊሜትር ውፍረትም 30 ደቂቃ። እንግዲህ የያዙትን ክሌይ ማሸጊያ ያንብቡ።

የምድጃውን ቁልፍ አይመኑ። ለብቻው የሚሸጥ የምድጃ ቴርሞሜትር ገዝተው ሥራው ከሚቀመጥበት ቦታ አጠገብ ያኑሩት። ክሌዩን በሴራሚክ ንጣፍ ላይ አድርገው በፎይል ድንኳን ቢሸፍኑት ነጩ ቡናማ አይሆንም። ሙቀቱ ትክክል ከሆነ ጊዜውን ማርዘም አይጎዳም፤ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ግን ክሌዩ ይቃጠልና ዓይንና ጉሮሮ የሚቆጣ የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ምድጃውን አጥፍቶ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። ለመፈተሽ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ጋግረው ሲቀዘቅዝ ጎንበስ ያድርጉት፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ገና አልበሰለም።

ዶቃ በዶቃ፦
ቀለም ማዋሐድን በተመለከተ ስኪነር ብሌንድ የሚባለውን ዘዴ ይማሩ፤ ስያሜውን ያገኘው ከአሜሪካዊቷ ጁዲት ስኪነር ነው። ሁለት ቀለሞችን በሦስት ማዕዘን ቆርጠው አራት ማዕዘን እንዲሆኑ ያጋጥሟቸዋል፤ ከዚያም ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ እያጠፉ ሃያ ጊዜ ያህል በፓስታ ማሽን ያሳልፏቸዋል። አቅጣጫውን አንድ ጊዜ እንኳ ቢስቱ ሽግግሩ ይበላሻል። ማሽኑ ከዚያ ወዲያ ለምግብ አይውልም።

ለአምበሩ ደግሞ ብርሃን አሳላፊውን ክሌይ ወስደው የጤፍ ፍሬ የምታህል ቢጫና ብርቱካናማ ይጨምሩበት፤ ሲጋገር ቀለሙ እጅግ ስለሚጎላ ከሚያስቡት ያነሰ ያድርጉ። ከተጋገረ በኋላ በውኃ እያራሱ በ400፣ በ600፣ በ800ና በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቅደም ተከተል ይሞርዱት፤ በመጨረሻም በጨርቅ ይወልውሉት። የሚሸጡት ከሆነ እውነተኛ አምበር አለመሆኑን ለገዢው መንገር ግዴታችን ነው።

ጥለት ወዳጅ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቴርሞሜትሩን ትናንት ገዝቼ ሞከርኩት፤ ቁልፉ 110 ላይ ሆኖ የምድጃው ውስጥ 90 ዲግሪ ብቻ ነበር። ሙቀቱን አስተካክዬ ለ40 ደቂቃ የጋገርኩት ቀጭን ቁራጭ ጎብጦ ሳይሰበር ተመለሰ። ነጩ ክሌይ አሁን በወረቀት መካከል ተኝቷል፤ ነገ የጥለቱን ሩብ እጀምራለሁ።