1000 የእንቁላል ዶሮ፦ ጥናቱ ያዋጣል ይላል፣ እናንተስ?

ጀማሪ ከቢሾፍቱ
ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ሸሪኮች ጋር ቢሾፍቱ አጠገብ በኪራይ ቦታ 1000 የቦቫንስ ብራውን ቄቦች ልናስገባ ነው። የአዋጭነት ጥናት አሠርተናል፤ ለባንክ ከማስገባታችን በፊት የሚያውቅ ዓይን ይየው ብዬ ነው። ጥናቱ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ የ12 ሳምንት ቄብ ጥቅምት ላይ ይገባል። ቤቱ 120 ካሬ ሜትር ነው። ለአንዷ በቀን 100 ግራም መኖ ተይዟል። ዓመቱን ሙሉ 95 በመቶ ትጥላለች (ከ100 ዶሮ በቀን 95 እንቁላል)፣ ማለትም በድምሩ 346,750 እንቁላል። ሞት 2 በመቶ፣ የእንቁላል ዋጋም ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። በዚህ ስሌት ብድሩ በ14 ወር ተከፍሎ ያልቃል ይላል። የቱ ጋ ነው የሚያነክሰው?

ላባና ሒሳብ
አንድ ቦታ ብቻ ቢያነክስ ደግ ነበር። 95 በመቶ የጫፍ ቁጥር እንጂ የዓመት አማካይ አይደለም። ቦቫንስ በ19ኛው ወይም በ20ኛው ሳምንት መጣል ይጀምራል፣ ከ26 እስከ 30 ሳምንት ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሞቱንም በወር ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ያዘው። መብራት የሚጠፋበትንና መኖ የሚለዋወጥበትን ጊዜ ጨምረህ፣ ከገባችው ከእያንዳንዷ ዶሮ 260 እንቁላል ብለህ አስላ። 260,000 ይመጣል። የጥናትህ ሩብ እዚህ ላይ ተነነ።

መኖው ደግሞ ወደ ላይ ይሄዳል። በምትጥልበት ጊዜ ከ115 እስከ 120 ግራም ትበላለች፤ 100 ግራም ከሰጠሃት ከራሷ ሰውነት ቆርሳ ትጥልና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ታቆማለች። ሞቱን ቀንሰህ በዓመት 400 ኩንታል ገደማ ነው። 400 ኩንታሉን ለ260,000 እንቁላል ስታካፍለው አንድ እንቁላል ወደ 155 ግራም መኖ ይዞ ይወጣል። መኖ ከጠቅላላ ወጪው 70 በመቶ ያህል ስለሚይዝ፣ የአንድ እንቁላል ሙሉ ወጪ የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ 22 በመቶ ነው። ለምሳሌ መኖው ኪሎው 50 ብር ቢገባ፣ እንቁላሉን ከ11 ብር በታች ስትሸጥ ከኪስህ እየከፈልክ ነው። ይህቺን ስሌት መኖ በጨመረ ቁጥር ሥራት። 30 ገጽ ከሚሞላ ሰንጠረዥ ትበልጣለች።

ጥናቱ ጭራሽ የዘለለው የሥራ ማስኬጃው ነው። ቄቧ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ እንቁላሏ መኖዋን መሸፈን እስኪጀምር፣ ማለትም እስከ 22ኛው ሳምንት ገደማ፣ ስትበላ እንጂ ስታስገባ አታያትም። ለ1000 ቄብ ወደ 60 ኩንታል መኖ ማለት ነው። ይህ በብድሩ ውስጥ ካልተካተተ ዶሮዎቹ ሊጥሉ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ሽያጭ ላይ ይወጣሉ። ከባንኩ ቢያንስ የአራት ወር የእፎይታ ጊዜ ጠይቁ።

ገበያ ተኮር
ላባ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የመግቢያውን ቀን ነው። ጥቅምት 10 የ12 ሳምንት ቄብ ብታስገቡ ኅዳር መጨረሻ መጣል ይጀምራሉ፣ ጥር 25 አካባቢ ጫፍ ይደርሳሉ። በ2019 ሁዳዴ የካቲት 29 ይገባል፤ በዚያን ቀን ዶሮዎቹ የ32 ሳምንት ናቸው፣ በቀን 900 ያህል ይጥላሉ። 55 ቀን ሲባዛ 49,500 እንቁላል ነው። ጿሚው እንቁላል በማይነካበት ወቅት 1650 ባለ 30 ትሪ ለማን ነው የምታስረክቡት? ዋጋውን ነጋዴው ይወስንላችኋል፣ በዱቤ ጭምር።

ጥር አጋማሽ ላይ አስገቡ። መጋቢት መጀመሪያ መጣል ይጀምራሉ፤ በጾሙ ጥቂትና ትንንሽ እንቁላል ነው የሚወጣው። የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፣ ጫፍ የሚደርሱት ከዚያ በኋላ በሳምንት ውስጥ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ የ2020 ፋሲካ ሚያዝያ 8 ይውላል፣ ያኔ ዶሮዎቹ 76ኛ ሳምንታቸው ላይ ናቸው። ያረጀ ዶሮ ደህና ዋጋ የሚያወጣው በዓል ዋዜማ ነውና እዚያው ትሸኟቸዋላችሁ። መሐል ላይ ያሉትን የፍልሰታን 15 ቀን፣ የገናን ጾምና የ2020ን ሁዳዴ ማምለጥ አይቻልም፤ በሽያጭ ትንበያው ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጋችሁ አስገቧቸው።

ፈንግል ጠላቴ
ጾሙን ትንሽ አጋነንከው። ቢሾፍቱ የመዝናኛ ከተማ ናት፤ ሆቴሉም ኬክ ቤቱም፣ የማይጾመውም ደንበኛ አለ። ግን እነሱ በጾም የሚገዙት ዓመቱን ሙሉ ላቀረበላቸው ስለሆነ፣ ጥናቱ ውስጥ «ለሆቴሎች እንሸጣለን» ከሚል መስመር ይልቅ የሁለት ወይም የሦስት ደንበኛ የተፈረመ የሳምንት ትእዛዝ አያይዙ።

120 ካሬ ላይ 1000 ዶሮ አይሆንም። መሬት ላይ በጉዝጓዝ ለሚያድር በካሬ 5 ወይም 6 ነው ልኩ፤ ከ170 እስከ 200 ካሬ ያስፈልጋል። ጠቅጥቀህ ብትከታቸው ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ አሞኒያው ዓይናቸውን ያቃጥላል፣ ከዚያ መነካከስና እንቁላል መብላት ይጀምራሉ። መጣያውም ለ5 ዶሮ አንድ ሣጥን ነው፣ 200 ሣጥን ጥናቱ ውስጥ አለ? መብራትም እንደዚሁ። የእኛ ቀን 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ ዶሮዋ 16 ትፈልጋለች፤ የቀረው 4 ሰዓት በአምፖል ይሞላል። አንድ ቀን በርቶ ሁለት ቀን ቢጠፋ ላባዋን ማርገፍ ትጀምራለች፤ ስለዚህ ለትንንሽ አምፖሎች የሚሆን ሶላር በወጪው ውስጥ ይግባ።

ቄብ ስትገዙ 50 ዶሮ ለየብቻ መዝኑ። በ12ኛው ሳምንት አማካዩ ከአንድ ኪሎ በላይ መሆን አለበት፣ ከ50ው 40ው ደግሞ ከአማካዩ በ10 በመቶ ውስጥ ይውደቁ። ካልሆነ ግማሹ ሲጥል ግማሹ እየበላ ይጠብቃል። የፈንግል፣ የጉምቦሮና የታይፎይድ ክትባት ቀናቸው ተጽፎ ይሰጣችሁ። የፈንግሉ በየሁለትና በየሦስት ወሩ በውኃ ይደገማል፤ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ግን ክትባቱን ይገድለዋል።

ጀማሪ ከቢሾፍቱ
እግዜር ይስጥልኝ። መግቢያውን ወደ ጥር አዛውረን ቤቱን ወደ 190 ካሬ እናሰፋለን። መኖውን ራሳችን ብንቀላቅል 22 በመቶው ይወርዳል?

ላባና ሒሳብ
ይወርዳል፣ ግን ለ1000 ዶሮ መፍጫና መቀላቀያ አትግዙ፤ በቀን 1.15 ኩንታል ነው የምትፈልጉት፣ ማሽኑ ቆሞ ይውላል። በቆሎና የኑግ ፋጉሎ ከመኸር በኋላ ገዝታችሁ በኪራይ አስፈጩ። የኑግ ፋጉሎ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ስለዚህ አኩሪ አተር ካልገባበት ፕሮቲኑ በወረቀት ላይ ብቻ ይሞላል። የኖራ ድንጋይ ዱቄቱ ከመቶው 8 ያህል ይሁን፤ ሲጎድል ቅርፊቱ በጣት ይሰበራል። በቆሎው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ካላለ እርጥብ ነው፣ ይሻግታል። ፉርሽካ ስትገዙ ደግሞ አንድ እፍኝ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩና አማስሉ። ፉርሽካው ይንሳፈፋል፣ አሸዋው ታች ይቀራል፤ በፉርሽካ ዋጋ የተሸጠላችሁ እሱ ነው።