«ታሪካዊ» ሲባል፦ ሂስቶሪክ ነው ወይስ ሂስቶሪካል?

ለጎንደር ጎብኚዎች የሚታደል ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ነው። ጣጣው አማርኛችን ሁሉንም «ታሪካዊ» ብሎ መገላገሉ ነው። መዝገበ ቃላቱም ያው፤ ለሁለቱም አንድ ፍቺ ሰጥቶ ያልፋል።

የያዝኩት ደንብ፦ በታሪክ ትልቅ ቦታ ላለው ነገር ሂስቶሪክ፣ ያለፈውን ዘመን ለሚመለከት ነገር ሂስቶሪካል። በዚህ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ ሂስቶሪክ ሆነ፤ የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ሂስቶሪካል ሰነድ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላይ ስደርስ ተበላሸ። «ታሪካዊ ሥዕሎች» የሚለውን ሂስቶሪካል ካልኩት፣ አንባቢው ጦርነትና ንግሥ የሚያሳዩ ሥዕሎች ይመስሉታል፤ ጣሪያውን የሞሉት ግን የመላእክት ፊቶች ናቸው። ሂስቶሪክ ስለው ደግሞ ሥዕሎቹ ራሳቸው የታሪክን አቅጣጫ የቀየሩ ያህል ይገንናል። ኦልድ ብዬም ሞከርኩ፤ ዕድሜውን ይናገራል፣ ክብሩን ግን ይጥላል (ያረጀ ዕቃ ነው የሚያስመስለው)።

ለእነዚህ ሥዕሎች ሂስቶሪክን ልያዝ፣ ወይስ ቅጽሉን ትቼ የተሳሉበትን ዘመን ብቻ ልጥቀስ?