ፒግ (በቧንቧ ውስጥ እየተጓዘ የሚፈትሽ መሣሪያ) የማያልፍባቸው የባሕር ሥር ቧንቧዎች፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ዕቅድ

አስተባባሪ (ሂውስተን)፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ስለ ባሕር ሥር የዘይትና የጋዝ ቧንቧዎች ፍተሻ ባዘጋጀነው ረቂቅ ላይ የደረሱኝ አስተያየቶች አብዛኞቹ ወደ ቧንቧው ስለሚወርደው ሮቦት ናቸው። እኔ ግን ትኩረታችን የቧንቧው ግድግዳ ውፍረት ላይ ቢሆን እመርጣለሁ። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 8,600 ማይል ያህል ቧንቧ ሥራ ላይ እንዳለ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግን በአብዛኛው ባሕር ሥር ወርዶ መፈተሽን እንደማያስገድድ ገልጿል። በሪፖርቱ መሠረት ያን ጊዜ ይታመን የነበረው በየወሩ ከውኃው በላይ በሚደረግ ቅኝትና በግፊት መለኪያ ነበር። ውኃው ላይ ዘይት ከታየ ግን ቧንቧው አስቀድሞ ተበስቷል።

አባል (አበርዲን)፦
እስማማለሁ፤ ግን «ፒግ ይላክ» ብለን ማለፍ አንችልም። ማግኔታዊው ፒግ በቧንቧው ውስጥ እየተጓዘ፣ ብረቱ በሳሳበት ቦታ የሚያፈተልከውን የማግኔት ኃይል ያነባል። የአልትራሳውንዱ ውፍረቱን በቀጥታ ይለካል፤ ሆኖም በመሣሪያውና በብረቱ መካከል ፈሳሽ ስለሚፈልግ የጋዝ መስመር ላይ ያስቸግራል። ከቆዩት መስመሮች መካከል ደግሞ ሁለቱንም የማይቀበሉ አሉ፦ ፒግ ማስገቢያና መቀበያ የላቸውም፣ ስፋታቸው መሐል ላይ ይለወጣል፣ መታጠፊያቸው ጠባብ ነው። ፕሮፖዛሉ ለእነዚህ ይሁን።

አባል (አቡዳቢ)፦
ትክክል ነው። እንዲህ ያለውን መስመር ከውጭ ለመለካት በገመድ የሚመራ ሮቦት አልትራሳውንድ ይዞ ይወርዳል፤ ግን ቧንቧው የኮንክሪት ልባስ ካለው መጀመሪያ እሱን መንቀል ያስፈልጋል። መስመሩን ሙሉ እንዲህ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የት እንለካ ነው። ከዘይቱ ጋር የሚመጣው ውኃ ፍሰቱ ሲዘገይ ዝቅ ባሉት ቦታዎች ይተኛል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሟሟበታል፣ የቧንቧውን የታችኛውን ግድግዳ ከውስጥ ይበላል። የፍሰት ስሌቱ ቦታዎቹን ያሳየን፣ ሮቦቱ እነሱን ብቻ ይለካ።

አንድ ነገር በግልጽ ይጻፍልኝ፦ በአኖድ (ለቧንቧው ሲል ራሱ በሚበላ የብረት ቁራጭ) የሚጠበቀው ቧንቧ የቮልቴጅ ንባብ ከ-0.80 ቮልት በታች መሆኑ የውጭው ብረት መጠበቁን ብቻ ነው የሚናገረው። ስለ ውስጡ ዝገት ምንም አይነግረንም። ሁለቱን አደባልቀው «መስመሩ ጤነኛ ነው» የሚሉ ዘገባዎች ያሳስቡኛል።

አባል (ሎስ አንጀለስ)፦
የውጭውን ቅኝት ግን እባካችሁ አታውጡት። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ሎንግ ቢች አጠገብ መርከቦች በማዕበል መልሕቃቸውን እየጎተቱ አንዱን መስመር 30 ሜትር ያህል ከቦታው አነሱት። ማንም ወርዶ አላየውም፤ በጥቅምት ፈሰሰ። የመጀመሪያው የፍሳሽ ማንቂያ ከጮኸ በኋላም መስመሩ እስኪዘጋ ወደ 14 ሰዓት ገደማ አልፏል። የመርከቦች መከታተያ መልሕቅ በመስመሩ ላይ ማለፉን ሲያሳይ፣ በቀናት ውስጥ ሶናር (በድምፅ ሞገድ የባሕር ወለልን የሚቃኝ መሣሪያ) ይላክ የሚል አንቀጽ እፈልጋለሁ።

አባል (ስታቫንገር)፦
ጥገናውን በአጭሩ እናንሳው። ኖርዌይ ውስጥ ኩባንያዎች በጋራ የሚጠቀሙበት የባሕር ሥር ቧንቧ መጠገኛ መሣሪያ ሃውገሱንድ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ኩባንያ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ ርእሱ ፒግ የማያልፍባቸው መስመሮች ላይ ይወሰናል። የመለኪያ ቦታ አመራረጥን የአቡዳቢው ወንድማችን ይጽፋል፤ የመልሕቁ አንቀጽ ራሱን የቻለ ክፍል ይሆናል፤ የጋራ ጥገናው በአንድ ገጽ ይበቃል። የፍሰት ስሌቱን የሚሠራ ሰው ግን የለንም። በዚህ ሙያ ያላችሁ፣ ወይም የምታውቁት ሰው ካለ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ አሳውቁኝ፤ ያለ እሱ ረቂቁን አልልክም።