ባጃጅ ውስጥ የሚይዘኝ ድንጋጤ፦ ቴራፒ የሞከራችሁ አላችሁ?

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ከፒያሳ ወደ ፍቅር ሐይቅ በባጃጅ ስሄድ ድንገት ልቤ ደረቴን ሊበሳው ደረሰ፣ እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ በቃ የምሞት መሰለኝ። ልቤን ተመርምሬ ደህና ነሽ ተባልኩ። አሁን ግን ባጃጅ ሳይ ራሱ ያልበኛል። እናቴ ጠበል ሂጂ ትላለች። ቴራፒ ይረዳል?

መልስ 1፦ አይዞሽ እህቴ፣ እኔም አልፌበታለሁ። ፓኒክ አታክ (ድንገት የሚመጣ ከባድ የፍርሃት ስሜት) ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካና ይበርዳል። እኔን ያዳነኝ ሲቢቲ የሚባለው፣ አስተሳሰብንና ልማድን በመቀየር የሚያክመው ቴራፒ ነው። ቴራፒስቷ ሆን ብላ ወንበር ላይ አሽከረከረችኝ፣ ቆሜ ባለሁበት አስሮጠችኝ፣ ልቤ ቢደልቅም ምንም እንደማልሆን ሰውነቴ እስኪገባው ድረስ ደጋግመን ሠራነው። መጀመሪያ በጣም ጠልቼው ነበር፣ አልዋሽሽም።

መልስ 2፦ ጠበሉንም ሕክምናውንም ያዢ፣ አይጣሉም። ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል አለ፣ እዚያ ጠይቂ።

መልስ 3፦ ባጃጁን ጨርሰሽ አትሽሺው። በሸሸሽው ቁጥር ፍርሃቱ ይገዝፋል። መጀመሪያ ከሰው ጋር አጭር መንገድ፣ ከዚያ ብቻሽን። ሲይዝሽ ወዲያው አትውረጂ፣ እስኪያልፍ ጠብቂው።

ጠያቂዋ፦ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ሰኞ እሄዳለሁ።